ጠጠሬ የቱ ደንጊያ ላይ ነበር?

በዚያን ቀን ከቤታችን ጀርባ፣ ነፋስ በማይደርስበት የካቡ ጥግ የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ግንድ ላይ ተቀምጦ። እናቴ፣ ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ የገብስ ቆሎ ያለበትን ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለዚሁ ጉዳይ ከዓለም ከተማ የመጣው አጎቴ፣ ቆሞ፤ እሱ እያወራ መቀመጥ አይሆንለትም። የንስሐ አባታችን፣ ለእሳቸው ተብላ በወጣችው በርጩማ ላይ። እህቴ፣ በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ፣ ካቡን ተደግፋ የበግ ፀጉር እየፈተለች። እኔ፣ በእናቴና በንስሐ አባታችን መካከል፣ መሬት ላይ። በኋላ ደግሞ አንድ መንገደኛ፣ በአህያ የባና ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ሞላሌ ገበያ የሚወርድ፣ ስሙን ያልጠየቅነው።

ሌላ ሰው አልነበረም። ውሻው ነበር።

መስቀል ካለፈ ጥቂት ቀን ሆኖታል። የተሰበሰብነው በእኔ ጉዳይ ነው። ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ለመሰናዶ ትምህርት በትንሹ አንሶ ነበር። መሰናዶ ያልገባ ልጅ ያኔ «ቴን ፕላስ ስሪ» የሚባለውን የሦስት ዓመት የሙያ ትምህርት ይማራል። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሕንፃ ንድፍ። ያስተማረኝ ሰው የለም። መሐል ሜዳ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የንድፍ መማሪያ መጽሐፍ ነበረኝ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ያልገባኝን ሥዕል እስኪገባኝ ድረስ እየቀዳሁ ነው የተማርኩት። ማስመሪያዬን ከወይራ እንጨት ጠርቤ፣ ቁጥሮቹን ከትምህርት ቤት ማስመሪያ ላይ በምላጭ ጭሬ ሠራሁት። ቤታችንን በገመድ ለክቼ ስያለሁ። በረቱን፣ የጎረቤታችንን ቤት፣ የትምህርት ቤቱን ቢሮም እንዲሁ። እህቴ «መሐንዲሱ» የምትለኝ ለዚህ ነው። ሙገሳ አልነበረም።

አንድ ክረምት አጎቴ አዲስ አበባ ይዞኝ ሄዶ በአንድ የግል ኮሌጅ በር አለፍን። ዘበኛው የአገራችን ሰው ሆነና አስገባን። በመስኮት ወደ አንድ ባዶ ክፍል አየሁ። ጠረጴዛዎቹ እንደ ቤት ክዳን ዘንበል ያሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ማስመሪያ በሁለት ክር ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በመጽሐፌ ውስጥ በሥዕል ያየሁት፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስቀዳው የኖርኩት ነገር ነበር። አጎቴ እጄን እስኪስበኝ ድረስ ከመስኮቱ አልተላቀቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ አልተመኘሁም።

ኮሌጁ ውድ ነው። ቦታ እንዳለኝ ነግረውናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ውጤቱ ደርሶ የከፈለውን ሁሉ ይቀበላሉ። አባቴ ለዚህ የሚሆን ያለው ሀብት ከወንዙ ማዶ የቆመው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ነጋዴ መጥቶ አይቶታል። ዛፉ ቢሸጥ አንድ ልጅ ያስተምራል፤ ሁለት አያስተምርም።

ውጤቴ በመጣበት ክረምት በወረዳችን የበግ እርባታ የሚያግዝ አንድ ድርጅት ፈተና አወጣ። ለሚያልፈው ልጅ በደቡብ በሚገኝ የእንስሳት ጤና ኮሌጅ ሙሉ ወጪውን፣ ምግቡን፣ መኝታውን፣ የመንገዱን ሳይቀር ይችላል። የተፈተንኩት ጓደኞቼ ሲሄዱ ብቻዬን ላለመቅረት ነው። አለፍኩ። ያኔ ደስ አላለኝም። በቤታችን ይኼኛው «ነፃው» ተባለ፣ ያኛው «የአዲስ አበባው»። የቱን እንደምፈልግ ሁሉም ያውቃል። ግን ዛፉ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ተሰበሰብን።

የጀመረው አጎቴ ነው።

«እኔ ለዚህ ነገር ስብሰባ ያስፈለገው ለምን እንደሆነ አልገባኝም» አለ። «አንዱ ና ከፍለህ ተማር ይላል። አንዱ ና እያበላሁህ ላስተምርህ ይላል። ይኼ ምኑ ይመረጣል?»

«የበግ ሐኪም ለመሆን ደቡብ ድረስ?» አለች እናቴ። «በግ እዚህ ሞልቶ! ደግሞ ወባ አለ። በረሃ ነው።»

«እታለም፣ በረሃ አይደለም። ለምለም አገር ነው።»

«ወባ ደግሞ ለምለም ትጠላለች አሉህ?»

የንስሐ አባታችን ሳቁ። «እስቲ ልጁ ይናገር» አሉ።

ብዙ ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ጠረጴዛዎቹ፣ ስለ መስመር ውፍረት፣ ስለ ሚዛን። አፌን ስከፍት የወጣው «በግ ማከም ጥሩ ነው። እኔ ግን ንድፍ ነው የምፈልገው» የሚል ብቻ ሆነ።

«መሐንዲሱ ተናገረ» አለች እህቴ እንዝርቷን ሳታቆም። «ምሶሶው ጠማማ ነው ብሎ ቤታችንን ሳያፈርስብን ቶሎ ላኩት።»

«ጠማማ ነው እኮ» አልኩ።

«ይኸው!»

አባቴ ግንዱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጥርሱን በስንጥር እየነካካ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ስንጥሩን አወጣና «ስንት ቦታ ነው የመጣው?» አለ።

«የምን ቦታ?» አለ አጎቴ።

«የትምህርት።»

«ሁለት። የአዲስ አበባውና ነፃው።»

«ስንት ልጅ ነው ያለኝ?»

የእህቴ እንዝርት ዞሮ ዞሮ ቆመና ወደ ኋላ መፈታት ጀመረ። አልያዘችውም። የፈተለችው ክር ሲላላ ቁጭ ብዬ አየሁ።

«ሁለት» አሉ የንስሐ አባታችን በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ሁለት ቦታ፣ ሁለት ልጅ» አለ አባቴ። «ይካፈላሉ።»

መጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። አባቴ ግን አይቀልድም። ፊቱን አየሁት፤ ማሳ ሲሸነሽን የሚታይበት ፊት ነው። ያኔ ገባኝና ደነገጥኩ። በአገራችን የአባት የእናት መሬት ሲወረስ ሴትም ወንድም እኩል ነው የሚካፈለው። ለእኔ ሁለቱ ኮሌጆች ለአንድ ጥያቄ የመጡ ሁለት መልሶች ነበሩ። ለእሱ ወደ ቤቱ የገቡ ሁለት ማሳዎች ናቸው። በቤት ውስጥ ሁለት ማሳና ሁለት ልጅ እያለ አንዱን ልጅ «የትኛውን ትመርጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ለእሱ ትርጉም የለውም።

እህቴ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችው ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ ነው። ውጤቷ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው መኖሩን አላስታውስም።

«እሷማ ነገ ባል አግብታ...» ብሎ ጀመረ አጎቴ።

«አግብታለች?» አለ አባቴ።

«አላገባችም፣ ግን...»

«ካላገባች እዚህ ናት።»

«አባዬ» አልኩ። «ሁለቱም የመጡት በእኔ ስም ነው።»

«የአባቴም መሬት በታላቅ ወንድሙ ስም ነበር የሚገበረው። ታዲያ እህታቸው አልተካፈለችም? አባን ጠይቃቸው።»

«ተካፍላለች» አሉ የንስሐ አባታችን። «የማዶውን ማሳ ይዛ ነው የሞተች።»

ወደ እህቴ ዞርኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ከእኔ የባሰ የደነገጠችው እሷ ነበረች።

«አባዬ፣ ምን ማለትህ ነው?» አለች።

«እጣ ይጣላል ማለቴ ነው።»

አባቴ በእጣ ያምናል። በመሬት ድልድሉ ጊዜ ያየውን ብዙ ነገር ሲያማርር ሰምቼዋለሁ፤ እጣውን ግን አንድም ቀን አላማረረም። ደንቡ ቀላል ነው። ተካፋዮቹ አንዳንድ ትንሽ ነገር ያመጣሉ፤ ጠጠር፣ ስንጥር፣ የተገኘውን። የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራና በየድርሻው ላይ አንዳንዱን ያስቀምጣል። ምልክትህ ያረፈበት የአንተ ነው። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው።

አባቴ ተነስቶ ሁለት ጠፍጣፋ ደንጊያ አመጣና መሬት ላይ አስቀመጠ። «ወደ ካቡ ያለው የአዲስ አበባው። ወደ ግቢው በር ያለው ነፃው። ምልክታችሁን አምጡ።»

እህቴ ከያዘችው ፀጉር ቆንጥራ ሰጠች። እኔ ከኪሴ ያገኘሁት የእርሳስ ቁራጭ ነበር። ሰጠሁና ወዲያው «ይኼ አይሆንም» አልኩ። «እርሳሱ የተማሪ ወንድ፣ ፀጉሩ የሴት ልጅ መሆኑን ማንም ያውቃል። እጣ ጣዩ ማወቅ የለበትም።»

«ልክ ነው» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

እስከዚያች ደቂቃ ነገሩን የምቃወም ይመስለኝ ነበር። አሁን ደንቡ እንዲጠበቅ እየተሟገትኩ ነው። ራሴን ሰማሁትና እንደገና ደነገጥኩ። ለማንኛውም አንድ ነጭ ጠጠር አነሳሁ። እህቴ ጎንበስ ብላ ከበግ ፋንድያ አንዲት የደረቀች በጠጥ አነሳች።

«የኔ ይኼ ይሁን» አለች። «ከቀለለ ነፋስ ወደ አዲስ አበባ ይወስድልኛል።»

«ስድ!» አለች እናቴ። «አባ ባሉበት!»

ወዲያው ከካቡ ማዶ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። መንገደኛው ነው። አህያው ላይ ባና ከምሯል፤ ያ ከበግ ፀጉር የሚሠራው የብርድ ልብሳችን፣ ጥቁርና ነጭ የተሰመረበት። አባቴ ወጥቶ አስቆመው።

«አንድ ነገር ጣልልንና ትሄዳለህ።»

«ምን ልጣል? ሰው?»

«እጣ።»

«የመሬት ነው? የመሬት ከሆነ አልገባበትም። ባለፈው ጥዬ እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚነሱኝ አሉ።»

«መሬት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ካወቅህ ምኑን እጣ ሆነ?»

ሰውዬው ሳቀና አህያውን ካቡ ላይ አስሮ ገባ። የንስሐ አባታችን ተነሱ፤ ሁላችንም ተነሳን። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። መንገደኛው ጠጠሩንና በጠጡን በመዳፉ ይዞ፣ አንዴ እነሱን አንዴ ደንጊያዎቹን እያየ፣ ቁጢጥ አለ። እጁ ወደ ደንጊያዎቹ መሄድ ጀመረ።

«ቆይ!» አልኩ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ነፃው ለእሷ ቢወጣስ?» አልኩ። «ነፃው የፈተና ነው። የተፈተንኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶግራፉም የእኔ ነው። እሷ ብትሄድ ከበር ይመልሷታል። እጣ የሚጣለው ለሁለታችንም ሊሆን በሚችል ነገር ላይ ነው። ነፃው ከእኔ በቀር ለማንም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ይኼ እጣ ልክ አይደለም።»

በሕይወቴ ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ረታሁ ብዬ ነበር። ነገሩ ፈርሶ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ «ልጁስ ምን ይላል?» የምንመለስ መሰለኝ።

አባቴ ወደ አጎቴ ዞሮ «እውነት ነው?» አለው።

«እውነት ነው። ነፃው ላይ ከእሱ ሌላ አይቀበሉም።»

«የአዲስ አበባውስ? እሷን ይቀበላሉ?»

አጎቴ እኔን አየኝ። አሁን ድረስ ያ አስተያየቱ ይታየኛል፤ መናገር አልፈለገም። «ውጤቷ ይደርሳል» አለ። «ከተከፈለላቸው ይቀበላሉ።»

«እንግዲያ እጣም አያስፈልግ» አለ አባቴ። «ነፃው የእሱ ነው፤ በአፉ ተናገረ። ዛፉ የእሷ ነው።»

በአፉ ተናገረ። ከሰፌዱ ዳር አንዲት የቆሎ ፍሬ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። ዓይኔ ፍሬዋ ላይ አረፈና ቀረ። ጭንቅላቴ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ አባቴ ባለው ውስጥ ስህተት ይፈልግ ነበር። መጽሐፉን ብቻዬን ስማር የለመድኩት ይኼንን ነው፤ መልሱ ካልመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ እያንዳንዱን መስመር ማየት። ሁለት ልጅ፤ ልክ ነው። ሁለት ቦታ፤ ልክ ነው። አንዱ ለእኔ ብቻ የሚሆን፤ እኔው ነኝ ያልኩት። ስህተት የለበትም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ ነበር። ተበድዬ ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር።

«ታዲያ እኔን ለምን አቆማችሁኝ?» ሲል ሰማሁ መንገደኛውን። «ልጣለው ወይስ አልጣለው? አባ እኮ ጸልየውበታል።»

«ጸሎት ከተደረሰበትማ...» አሉ የንስሐ አባታችን። እሳቸውም ግራ ገብቷቸዋል። «አንተ ጣለው። ግን አይጸናም።»

ሲያስቀምጣቸው ሰማሁ። የጠጠሩ ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ደንጊያ ሲነካ ቀጭ ያለው። ከየትኛው ደንጊያ እንደመጣ በድምፁ አልለየሁም፤ ደንጊያዎቹ ተቀራርበው ነበር። ቀና ስል አባቴ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩንና በጠጡን በአንድ እጁ ጠራርጎ ከካቡ ማዶ ወርውሯቸዋል። ደንጊያዎቹ ባዶ ናቸው። መንገደኛው እጁን በጋቢው ጠርጎ «እግዜር ያስማማችሁ» ብሎ አህያውን ፈታ።

ዛፉ በሳምንቱ ተቆረጠ። እህቴን ሞላሌ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጇን አወጣች።

«ማስመሪያህን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ንድፍ ነው የምመዘገበው።»

ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም። «አንቺ? አንቺ እኮ የምትስቂብኝ ነሽ» ያልኩ ይመስለኛል።

«ስቄብሃለሁ» አለች። «ቤታችንን ስትለካ የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዞ የቆመው ማን ነበር?»

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። እውነቷን ነው። በረቱንም፣ የጎረቤታችንንም ቤት፣ የትምህርት ቤቱንም ቢሮ። ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። በሥዕሎቼ ላይ ሁሉን ነገር ጽፌያለሁ፤ የግድግዳውን ውፍረት፣ የበሩን ስፋት፣ የለካሁበትን ቀን። የገመዱን ጫፍ ማን እንደያዘ አልጻፍኩም። አብሬ እየሮጥኩ ማስመሪያውን በመስኮት ሰጠኋት።

አሁን እሷ አዲስ አበባ ለሰው ቤት ትነድፋለች። እኔ ደቡብ ተምሬ ወደ አገራችን ተመልሼ፣ ቀየት አካባቢ በግ እከትባለሁ። ሥራዬን አልጠላሁትም። ወባም አልያዘኝም፤ እናቴ እስካሁን አታምነኝም።

ያ ጠጠር ግን አልለቀቀኝም። ጠጠሬ በሩ ጋ ያለው ደንጊያ ላይ ከነበረ፣ እጣውም ያው የሆነውን ነው ያለው፤ ዝም ብልም ብናገርም ለውጥ የለውም። ካቡ ጋ ያለው ላይ ከነበረ ግን፣ የአዲስ አበባው ሊደርሰኝ የአንድ ትንፋሽ ያህል ሲቀረው በገዛ አፌ አስቁሜዋለሁ ማለት ነው።

እናቴን ጠየቅኳት። «ጠጠርህ በሩ ጋ ነበር» አለች። ይህን የምትለው እንዳላዝን ይሁን አይቼ ነው ብላ አላውቅም። አጎቴ «ፀሐይ ዓይኔ ላይ ነበረች» ይላል። አባቴ «ያነሳሁትን አነሳሁ» ነው የሚለው። የንስሐ አባታችን አርፈዋል። እህቴ «ካቡ ጋ ነበር። የአዲስ አበባው ላንተ ነበር የወጣው» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እሷ የሚጎዳትን ስለተናገረች ላምናት ፈልጌ ነበር። ግን የዚያን ቀን አቀማመጣችንን ሥዬዋለሁ፤ እሷ ከቆመችበት አጎቴ ደንጊያዎቹን ይጋርዳታል። ይህን ስነግራት «አጎታችን ያኔ ተንቀሳቅሶ ነበር» አለች።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁትን እጠይቃለሁ። አጎቴ፣ አባ «ጣለው» ሲሉ ቆመህበት ከነበረው ፈቀቅ ብለሃል ወይ? ብለህ ከሆነስ በየት በኩል? እናቴ፣ ሰፌዱን መሬት ላይ ያስቀመጥሽው ከመጣሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንተም መንገደኛው፣ በሕይወት ካለህና ይህ ጽሑፍ ከእጅህ ከገባ ወይም ሰው ካነበበልህ፣ የአህያህ ግራ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ ነበር፤ እጣ መጣል የማትወድ ሰው ነበርክ። የማን የማን እንደሆነ አልጠየቅህም። አሁን ልንገርህ፤ ነጩ ጠጠር የእኔ ነበር። የቱ ደንጊያ ላይ አስቀመጥከው?

ሥዕሉ ላይ ሁለቱን ደንጊያዎች ባዶ ትቻቸዋለሁ። የምታስታውሱትን አምጡልኝ፤ እኔ እሞላዋለሁ።